ማገዶን በፀሐይና በነፋስ ማድረቅ፦ ጎጃም ላይ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ጎጃም ባሕር ዛፍ በየጓሮው ያለበት አገር ነው። ወደ አዊ ሲሻገሩ ደግሞ ዲከረንስ የሚባለው የግራር ዓይነት ዛፍ ብዙ ማሳ ላይ ተተክሏል። እንዲህም ሆኖ ሐምሌ ሲገባ ብዙ ማድ ቤት በጭስ ይታፈናል። እንጨቱ ሳይደርቅ ክረምቱ ይቀድመዋል። እንጨቱን የሚቆርጠውና ጭሱን የሚውጠው ሰው ደግሞ ብዙ ጊዜ አንድ አይደለም። ቆራጩ ወንዱ ነው፤ ዓይኗን እያሸች እፍ የምትለው ሴቷ ናት፣ ጀርባዋ ላይ ያለው ሕፃንም አብሯት ይተነፍሰዋል። ስለዚህ ከታች ያሉትን መልሶች መጥረቢያ የሚይዘው ሰው ቢያነባቸው ደስ ይለኛል።

እንጨት ደረቀ አልደረቀ ይህን ያህል ልዩነት አለው?

አለው፣ ያውም ብዙ። አሁን የተቆረጠ እንጨት ከክብደቱ ግማሽ ያህሉ ውኃ ሊሆን ይችላል። አንዲት ሴት 40 ኪሎ እርጥብ እንጨት ተሸክማ ከወጣች 20 ኪሎው ውኃ ነው ማለት ነው። ያው እንጨት ውኃው ወደ 20 በመቶ እስኪወርድ ቢደርቅ 25 ኪሎ ብቻ ይመዝናል። 15 ኪሎ በከንቱ ተሸክማለች።

እሳቱ ላይ ሲደርስም ችግሩ ይቀጥላል። እሳቱ መጀመሪያ ያንን ውኃ አፍልቶ ማትነን አለበት። ምጣዱን ማጋል የነበረበት ሙቀት እዚያ ይጠፋል። ከሁሉ የከፋው ግን እሳቱ መቀዝቀዙ ነው። እንጨት ሲሞቅ የሚያወጣው ጋዝ የሚነደው እሳቱ በቂ ሙቀት ሲኖረው ነው። ካልነደደ ጭስ ሆኖ ይወጣል። ጭስ ማለት ያልነደደ ማገዶ ነው። ዓይን ያስለቅሳል፣ ሳንባ ውስጥ ይገባል፣ ጣሪያውን ያጠቁራል። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው በፈረንጆቹ 2020 ብቻ ቤት ውስጥ ከሚነድ ማገዶና ከመሳሰለው ጭስ የተነሳ 3.2 ሚሊዮን ያህል ሰው በዓለም ላይ ሞቷል። እርጥብ እንጨት ይህን ጭስ ያበዛዋል።

እናቴ «እርጥብ እንጨት ይበረክታል፣ ደረቅ ቶሎ ያልቃል» ትለኛለች። እውነት ነው?

እናትሽ ያዩትን ነው የተናገሩት። እርጥቡ በእርግጥ ምድጃው ላይ ብዙ ይቆያል። የሚቆየው ግን ስለማይነድ ነው። ሰዓቱን ትተሽ እንጀራውን ቁጠሪ። አንድ ማቡኪያ ሊጥ ጋግሮ ለመጨረስ ስንት ፍልጥ ገባ? በአንዱ ቀን በደረቅ፣ በሌላው ቀን በእርጥብ ጋግረሽ አወዳድሪ። እሳቱ በዛ ካልሽ ደግሞ መፍትሔው ፍልጡን እየቀነሱ መማገድ ነው። ደረቅ እንጨት እጅ ይታዘዛል። ስትጨምሪ ይነሳል፣ ስታወጪ ይበርዳል።

የሚያደርቀው ፀሐይ ነው ወይስ ነፋስ?

ሁለቱም ናቸው፣ ሥራቸው ግን ይለያያል። ፀሐይ ውኃውን ከእንጨቱ ውስጥ ታወጣዋለች፤ ነፋስ ደግሞ የወጣውን ይዞት ይሄዳል። ነፋሱ ከሌለ እንጨቱ ዙሪያ ያለው አየር በእርጥበት ይሞላል፣ ከዚያ በኋላ ፀሐይዋ ብትጠብስም የሚወጣ ነገር የለም። እንደ ልብስ ማስጣት ነው። የታጠበ ልብስ ከምራችሁ ፀሐይ ላይ ብታስቀምጡት ከላይ ይደርቃል፣ ከሥር ይሸታል። ገመድ ላይ የተሰጣ ልብስ ግን ደመና ሆኖም ነፋስ ካለ ይደርቃል።

አንዱን ብቻ ምረጡ ብባል ነፋሱን እመርጣለሁ። ብዙ ሰው ጠራራ ፀሐይ ያለበትን ቦታ ይፈልግና እንጨቱን እዚያ ይቆልለዋል። ቁልሉ መሐል አየር አይገባም። ከወር በኋላ ሲያፈርሰው መሐሉ ሻግቶ ያገኘዋል። ፀሐይ ባትኖር ይሻል ነበር ማለቴ አይደለም። የሞቀ አየር ከቀዝቃዛው ይልቅ ብዙ እርጥበት መሸከም ይችላል፣ የእንጨቱ ልብ ውስጥ ያለው ውኃም ሙቀት ሲያገኝ ቶሎ ወደ ውጭ ይጓዛል። ፀሐይ የምትጠቅመው ግን አየሩ መውጫ ሲኖረው ነው።

መቼ ነው መቁረጥ ያለብኝ?

ዝናቡ አልቆ አየሩ ሲደርቅ ነው። ኅዳርና ታኅሣሥ ጥሩ ነበሩ፣ ግን ገበሬው አጨዳና ውቂያ ላይ ነው። ስለዚህ ለብዙው ቤት የሚመቸው ከጥምቀት በኋላ ያለው ጊዜ ነው። ጥር ላይ የተቆረጠና የተፈለጠ እንጨት የካቲትን፣ መጋቢትንና ሚያዝያን ያገኛል።

እንጅባራ፣ ዳንግላና አካባቢው ዝናቡ ቶሎ ይገባል፣ ዘግይቶም ይወጣል። እዚያ ያለ ሰው ጥር ሳይወጣ ፈልጦ ቢጨርስ ይሻለዋል። ወደ ዓባይ በረሃ ቁልቁል ያለ ሰው ሙቀቱ ያግዘዋል። የጮቄ አካባቢ ሰው ብርዱ ስለሚያዘገየው ለእንጨቱ ረዘም ያለ ጊዜ ይስጠው።

አንድ ነገር ልጨምር። ዛፉን ከጣላችሁ በኋላ ወዲያው አትመልምሉት። ቅጠሉ እንዳለ አንድ ሁለት ሳምንት ይተኛ። ቅጠሉ እስኪጠወልግ ድረስ ከግንዱ ውኃ መሳቡን አይተውም። ከዚያ ስትመለምሉት ደረቁ ቅጠል ራሱ የእንጀራ ማገዶ ይሆናል።

አድርቄ ልፍለጠው ወይስ ፈልጬ ላድርቀው?

ፈልጣችሁ አድርቁት። በተለይ ባሕር ዛፍ እርጥብ ሳለ ነው መጥረቢያ የሚቀበለው። ከደረቀ በኋላ ቃጫው ይጠማዘዛል፣ ይጠነክራል፣ መጥረቢያውን ይመልሳል፣ ሽብልቅም አይበግረውም።

ሌላው ምክንያት ልጡ ነው። ልጥ ለዛፉ ውኃ መያዣ ቆዳው ነው፤ ከተቆረጠም በኋላ ሥራውን አይተውም። ያልተፈለጠ ድቡልቡል ግንድ ዓመት ቆይቶም ልቡ እርጥብ ሊሆን ይችላል። ውኃ በእንጨቱ ርዝመት ሲጓዝ ወደ ጎን ከሚጓዝበት ከ10 እጥፍ በላይ ይፈጥናል። በተቆረጡት ጫፎችም ቶሎ ይወጣል። ስለዚህ አጭር ማድረግ እንደ መፍለጥ ሁሉ ይጠቅማል። አንድ ክንድ ርዝመት፣ የእጅ አንጓ ውፍረት ለቤት ምድጃ በቂ ነው። ጉማጁን ለድግስ ለይታችሁ አስቀምጡ።

እንጨቱ ጫፉ ላይ ቢሰነጠቅ አትደንግጡ። ለአናጺ ጥፋት ነው፣ ለማገዶ ግን በረከት ነው። በስንጥቁም ውኃ ይወጣል።

እንዴት ልደርድረው?

መሬት አታስነኩት። ድንጋይ ወይም ሁለት ረጃጅም ግንድ ከሥር አጋድሙና ከመሬት ቢያንስ አንድ ስንዝር ከፍ አድርጉት። መሬት እርጥበት ይሰጠዋል፣ ምስጥም ከዚያ ይነሳል።

ከዚያ በነጠላ ረድፍ ደርድሩ። ሁለት ረድፍ ካላችሁ በመሐላቸው ሰው በጎኑ የሚያልፍበት ክፍተት ተዉ። ረድፉ እንዳይናድ ጫፍና ጫፉ ላይ ፍልጡን አንዱን በአግድም አንዱን በቁም እያነባበራችሁ ምሰሶ ሥሩለት። ከደረት በላይ አታስረዝሙት። ልጆች ይንጠላጠሉበታል፣ ሲናድ ይገድላል። ሰፊውን ገጽ ነፋሱ ወደሚመጣበት አቅጣጫ አዙሩት። ነፋሱ ከየት እንደሚመጣ የምታውቁት እናንተ ናችሁ፤ እህል የምታዘሩበትን አውድማ አስታውሱ። የላይኛውን ድርድር ልጡን ወደ ላይ አድርጉት፣ ድንገት ዝናብ ቢመጣ ውኃው ይንሸራተታል።

ከላይ አሮጌ ቆርቆሮ ጣል አድርጉና ድንጋይ ጫኑበት። ጎኑን አትሸፍኑ! እንጨቱን ዙሪያውን በሸራ መጠቅለል ከሚሠሩት ስሕተቶች ሁሉ የበዛው ነው። ለእንጨቱ የታሰበ ይመስላል፣ ግን ውኃውን አብሮ መቆለፍ ነው።

የዛፍ ጥላ ሥርም አይሁን። እንደ ዘጌ ደኑ የተጠጋጋበት ቦታ የምትኖሩ ከሆነ እንጨቱን ወደ ገላጣ አውጡት።

የላስቲክ ማድረቂያ ሲባል እሰማለሁ። ራሴ መሥራት እችላለሁ?

ትችላላችሁ። ባሕር ዛፍ አጣና፣ ብርሃን የሚያሳልፍ ላስቲክ፣ ሚስማርና የአንድ ቀን ሥራ ነው። ሐሳቡ ቀላል ነው። ብርሃኑ በላስቲኩ ያልፋል፣ እንጨቱንና መሬቱን ያሞቃል፣ ሙቀቱ ግን በቀላሉ ተመልሶ አይወጣም። የሞቀው አየር ወደ ላይ ይወጣል፣ በላይኛው ቀዳዳ እርጥበቱን ይዞ ይሄዳል፣ በታችኛው ቀዳዳ አዲስ ደረቅ አየር ይገባል። ሞተር የለው፣ መብራት አይፈልግ።

ጎጃም ከምድር ወገብ በስተሰሜን ስለሆነ ከኅዳር እስከ ጥር ፀሐይ እኩለ ቀን ላይ ወደ ደቡብ ዘንበል ትላለች። ስለዚህ ጣሪያው ወደ ደቡብ ይዝመም። ወርዱ 1.5 ሜትር፣ ርዝመቱ 3 ሜትር፣ የፊቱ ቁመት 1.5፣ የኋላው 2 ሜትር ቢሆን ለአንድ ቤት ይበቃል። ትንሽ ቢበልጥ ቢያንስም ችግር የለውም። ጣሪያውን፣ ደቡቡን፣ ምሥራቁንና ምዕራቡን በላስቲክ አልብሱ። የሰሜኑን ጀርባ በጭራሮም በአሮጌ ቆርቆሮም መዝጋት ይቻላል፤ በር የምታወጡትም በዚያ ነው።

መሬቱ ላይ ጥቁር ላስቲክ አንጥፉ። ሁለት ጥቅም አለው። የመሬቱን እርጥበት ያግዳል፣ ሙቀትም ይስባል። ጥቁር ከሌላችሁ ያገኛችሁትን ላስቲክ አንጥፋችሁ የከሰል ድቃቂ በትኑበት።

አሁን ዋናው ነገር፦ ቀዳዳው። ከፊት፣ ከመሬቱ ጋር፣ ከጫፍ እስከ ጫፍ አንድ ስንዝር ክፍት ተዉ። ከኋላ፣ ከጣሪያው ሥር፣ ያንኑ ያህል ክፍት ተዉ። ሰው ብዙ ጊዜ ሙቀቱ እንዳይወጣ ብሎ እነዚህን ይደፍናቸዋል። ያን ጊዜ ማድረቂያው መቀቀያ ይሆናል። ምልክቱ ግልጽ ነው። ጧት ወይም ረፋድ ላይ ላስቲኩ በውስጥ በኩል አልቦ ጠብታ ከወረደው ቀዳዳው አንሷል፣ አስፉት። እንጨቱ ላስቲኩን አይንካው፣ በመሐል የእጅ መዳፍ የሚገባበት ክፍተት ይኑር። ረድፎቹም ተለያይተው ይቁሙ።

ላስቲክ በፀሐይ እየደረቀ ይሰባበራል። ለአትክልት ቤት የሚሸጠው ዓይነት ረዘም ያለ ዕድሜ አለው፣ ዋጋውም ከፍ ይላል። ሰኔ ሲገባ አውልቃችሁ ጠቅልላችሁ ብታስቀምጡት ለሚመጣው በጋ ይደርሳል። የተሰባበረውን ግን ምድጃ ውስጥ አትክተቱት።

ማድረቂያውን ከማድ ቤትና ከሳር ክዳን ራቅ አድርጉ። ደረቅ እንጨትና ላስቲክ አንድ ላይ ለእሳት የተዘጋጁ ናቸው።

ላስቲክ መግዣ ከሌለኝስ?

ከላይ እንደተባለው ፈልጣችሁ፣ ከመሬት አንስታችሁ፣ በነጠላ ረድፍ ነፋስ ላይ ካቆማችሁት የማድረቂያውን ሥራ አብዛኛውን ሠርታችኋል። የጎጃም በጋ ደግ ነው፣ ያግዛችኋል።

በስንት ጊዜ ይደርቃል?

የተፈለጠ ባሕር ዛፍ በበጋ፣ ገላጣ ቦታ ላይ፣ ብዙ ጊዜ ከ2 እስከ 3 ወር ይበቃዋል። ጥሩ አየር ያለው የላስቲክ ማድረቂያ ይህን ጊዜ በጣም ሊያሳጥረው ይችላል። ወይራና እንደሱ ያለ ጥቅጥቅ እንጨት ከዚያ በላይ ይፈልጋል። ጭራሮ በሳምንታት ይደርቃል።

መድረቁን በምን አውቃለሁ?

ሁለት ፍልጥ አንሱና አጋጩ። ደረቅ ከሆነ ጥርት ብሎ ይጮኻል። እርጥብ ከሆነ ድም ብሎ ዝም ይላል። ጫፉ መሰነጣጠቁን፣ ልጡ በእጅ ሲነካ መላቀቁን እዩ። ከቁልሉ አንዱን ወስዳችሁ እንደገና ፍለጡት፤ የውስጡ ገጽ ጉንጭ ላይ ሲነካ ከቀዘቀዘ ገና ነው።

ትክክለኛውን ማወቅ የሚፈልግ ሰው በሚዛን ያውቃል። አንድ ፍልጥ ምልክት አድርጉበት፣ መዝኑት፣ ረድፉ መሐል መልሱት። በየሳምንቱ መዝኑ። ክብደቱ መቀነሱን ሲያቆም አየሩ ሊያደርቀው የሚችለውን ያህል ደርቋል።

ምድጃ ላይ ጫፉ አረፋ ከደፈቀና ከተንጫጫ ግን የምርመራው ውጤት ያው ወጥቷል፣ ቁልሉን ወደ ማድረቂያው ቦታ መልሱት።

የደረቀ እንጨት ክረምት ሲመጣ መልሶ አይረጥብም?

ዝናብ ካልነካው ብዙ አይረጥብም። ይህን ማወቅ ያረጋጋል። የክረምት አየር እርጥበቱ 80 በመቶ ቢደርስ እንኳ ጣሪያ ሥር ያለ እንጨት ውስጥ የሚኖረው ውኃ 16 በመቶ ገደማ ቢሆን ነው። ይህ አሁንም በደንብ ይነድዳል። እንጨትን የሚያበላሸው በቀጥታ የሚወርድበት ዝናብና ከመሬት የሚረጨው ጭቃ ነው።

ስለዚህ ግንቦት ሳያልቅ ወደ መጠለያ አስገቡት። ጣሪያው ወጣ ያለ ይሁን፣ ጠፈጠፉ እንጨቱ ላይ እንዳይወርድ። ጎኑ አሁንም ክፍት ይሁን። ከዚያ ለሦስት ቀን የሚበቃውን ብቻ እያስገባችሁ ማድ ቤት አስቀምጡ።

ምድጃው አጠገብ ወይም ቆጥ ላይ ማድረቅስ?

ለነገ የሚሆን ትንሽ ፍልጥ ምድጃው አጠገብ ማሞቅ የቆየ ዘዴ ነው፣ ይሠራል። ከእሳቱ አንድ ክንድ ይራቅ፣ ሰው ሳይኖር ወይም ማታ ስትተኙ አይተው። ከእሳቱ በላይ ባለ ቆጥ ላይ ብዙ እንጨት መከመር ግን አልደግፍም። ፍንጣሪ አንድ ጊዜ ይበቃዋል።

ምስጥ እንዳይበላብኝ ምን ላድርግ?

ድንጋይ ላይ አቁሙት፣ ከሥሩ ያለውን ገለባና ቅርፊት ጥረጉ፣ አልፎ አልፎ ጎንበስ ብላችሁ የጭቃ መስመር መኖሩን እዩ። ካያችሁ አፍርሱት። የማገዶ እንጨት ላይ የተባይ መድኃኒት መርጨት አይገባም፤ ሲነድ የምትተነፍሱት እናንተ ናችሁ። እንጨት ከቁልሉ ስታነሱም እጃችሁን ሳታዩ አታስገቡ፣ እባብ እንዲህ ያለ ቦታ ይወዳል።

የትኛው እንጨት ይሻላል?

ለእንጀራ ቶሎ የሚነሳ ነበልባል ይፈለጋል። ቀጭን የባሕር ዛፍ ፍልጥ፣ ጭራሮና ቅጠል ይመቻሉ። ለወጥና ለንፍሮ ፍም የሚይዝ እንጨት ይሻላል፣ ግራርና ዲከረንስ ጥሩ ናቸው። ብሳና ቀላል ነው፣ ቶሎ ይደርቃል፣ ቶሎም ያልቃል። ወይራ ፍሙ ድንቅ ነው። ግን ለመድረስ ብዙ ዓመት የሚፈጅ ዛፍ ለማገዶ መቁረጥ ያሳዝናል። የወደቀ ቅርንጫፉን ጋን ለማጠን አስቀምጡት። እዚያ የሚፈለገው ራሱ ጭሱ ነውና።

ቁልቋልና ቅንጭብ አይሆኑም። ነጩ ወተታቸው ዓይን ይጎዳል፣ ጭሳቸውም ይለበልባል። ቀለም የተቀባ እንጨት፣ መድኃኒት የተነከረ የመብራት ምሰሶ ቁራጭም ለምድጃ አይሁን።

አዊ ውስጥ ከሰል አክሳይ ነኝ። እኔንም ይመለከታል?

በጣም። እርጥብ እንጨት ስታከስል ውኃውን ለማትነን የሚቃጠለው ከራስህ እንጨት ነው። ያ ከሰል መሆን የነበረበት ነው። ዲከረንሱን ቆርጠህ፣ ቆራርጠህ፣ ጥቂት ሳምንት አየር ላይ አቁመህ ብታከስለው ከአንድ ክምር የምታገኘው ከሰል ይጨምራል፣ የማክሰያው ጊዜም ያጥራል። ፋግታ ለኮማን የመሰለ ከሰል ብዙ ሰው የሚያኖርበት ወረዳ ውስጥ ይህ ትንሽ ነገር አይደለም።

ማገዶ ቆጣቢ ምድጃ አለኝ። አሁንም ማድረቅ አለብኝ?

አዎ። ምርጥ ምድጃም ቢሆን እርጥብ እንጨት ከገባበት ያጨሳል። አፉ ጠባብ ስለሆነ እንዲያውም ደረቅና ቀጭን ፍልጥ ነው የሚወደው። ሁለቱ ሲገናኙ ነው ለውጡ የሚታየው። የተረፈው ኩበትም ወደ ማሳ ይሄዳል፣ መሬቱ ይፈልገዋል።

ባሕር ዳር ተከራይቼ ነው የምኖረው፣ እንጨት ከገበያ ነው የምገዛው። ምን ላድርግ?

ስትገዙ አጋጩ፣ አንሱ፣ ክብደቱን እዩ። በኪሎ ከሆነ የሚሸጠው፣ እርጥቡን መግዛት ውኃ መግዛት ነው። በጋ ላይ ገዝቶ ማስቀመጥ የሚችል ሰው ይግዛ። ቦታ ከሌለ ግድግዳ ተደግፎ በአንድ ረድፍ የሚቆም ትንሽ ርብራብ ይበቃል፤ ከግድግዳው አንድ ስንዝር ራቅ ይበል። ከጎረቤት ጋር ተዋጥቶ አንድ ጋሪ አስመጥቶ መካፈልም ይቻላል።

አሁን ነሐሴ ነው፣ ቤቴ ያለው እርጥብ እንጨት ብቻ ነው። ምን ልሁን?

መጀመሪያ ዛሬውኑ ከዝናብ አውጡት፣ ከመሬትም አንሱት። ከዚያ በጣም ቀጭን አድርጋችሁ ፍለጡት፣ የአውራ ጣት ውፍረት ቢሆን ጥሩ ነው። ፀሐይ ብልጭ ባለች ቁጥር አውጡት፣ ስትገባ አስገቡት።

ከጎረቤት ጥቂት ደረቅ እንጨት ተበደሩና እሳቱን በሱ አስነሱ። በደንብ ከተያያዘ በኋላ እርጥቡን አንድ በአንድ ጨምሩ፣ በአንዴ አትጫኑት። ለማቀጣጠል ላስቲክ ወይም የጎማ ቁራጭ አትጠቀሙ፣ ጭሱ መርዝ ነው። በርና መስኮት ክፈቱ፣ ሕፃናቱን ሌላ ሰው ውጭ ወይም ሌላ ክፍል ይያዝላችሁ። ለንፍሮ የሚሆነውን ባቄላና ሽምብራ ማታ ዘፍዝፉት፣ እሳት ላይ የሚቆይበት ጊዜ ያጥራል።